ይድገሙልኝ

ኮልፌ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ውስጥ ተራ ስንጠብቅ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጡ። ሃምሳን ያለፉ ይመስላሉ። የጥቁር ጅልባባቸው ጠርዝ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። አብረዋቸው የመጡት ታላቅ ወንድማቸው ስለ እህታቸው ፍቺ ሲያወሩ ሴትዮዋ ጫማቸውን ያያሉ።

ስማቸው ተጠርቶ ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ዳኛው፣ ቃዲው፣ ሲናገሩ ይሰማኛል።

«እናቴ፣ ባለቤትዎ ጉዳዩ እዚህ እንዲታይ ተስማምተዋል። እርስዎስ? ካልፈለጉ መደበኛው ፍርድ ቤት ያየዋል።»

«ትስማማለች» አሉ ወንድማቸው።

«እሳቸውን ነው የጠየቅኩት።»

ሴትዮዋ ቀና አሉ። «እስቲ ይድገሙልኝ» አሉ ቀስ ብለው። ቃዲው ደገሙላቸው።

«እስማማለሁ።»

ሲወጡ፣ «ጥያቄው አልገባዎትም ነበር?» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ገብቶኛል ልጄ። ሲድሩኝ እንኳ የጠየቀኝ የለም። ደግሜ ልስማው ብዬ ነው።»