የታችኞቹ

ልጅ እያለሁ የምንዘልበት መሬት መልስ ይሰጠን ነበር። ሰሚት ኮንዶሚኒየም የቀለሙ ሽታ ሳይለቀው የገባን ሰሞን ነው። ከብሎካችን ጎን፣ ከአንዲት አሮጌ ዝግባ አለፍ ብሎ፣ ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወትበት ደልዳላ ቦታ ነበረን። እዚያ ላይ ስንዘል መሬቱ ትንሽ ዘግየት ብሎ «ዱም» ይላል። ሌላው ቦታ እንዲህ አይልም። ስለዚህ ከእግራችን ሥር የሚዘሉ ልጆች አሉ ብለን አመንን፤ «የታችኞቹ» የሚል ስምም አወጣንላቸው።

መሬቱ ላይ አንዲት ስንጥቅ ነበረች። በበጋ፣ ፀሐዩ አናታችንን ሲያግለው፣ ከዚያች ስንጥቅ የእርጥብ ሸክላ ሽታ ያለው ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። አፋችንን ገጥመን ስማችንን እንጠራለን። ስማችን ይመለሳል፤ ግን የእኛ ድምፅ አይመስልም፣ የትልቅ ሰው ይሆናል። የአምስት ዓመቱ ወንድሜ ሚኪ ከዳቦው እየቆረሰ ይከትላቸው ነበር። ፈርተን ነበር ብል ውሸት ነው። ለትልቅ ሰው ላንናገር ግን ተማምለን ነበር።

ያን ዓመት አስተማሪያችን የሰፈራችሁን ታሪክ ጽፋችሁ ኑ አለን። ሳቅን። ሰፈራችን በዕድሜ ከሚኪ ታንስ ነበር፤ ምን ታሪክ አላት? ቢሆንም ነጥብ ነጥብ ነውና ቅዳሜ ጠዋት ጠብቂው የተባልኩትን ሚኪን ከልጆቹ ጋር ትቼ ወደ ሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። መጽሐፍ የሚያውሱን እትዬ አልማዝ ከጓዳ አንድ ትልቅ ጥቅል ወረቀት አመጡልኝ። ድሮ የገበሬ ማኅበሩ በእጅ ያሠራው ካርታ ነበር። ወንዙ፣ ዛፎቹ፣ የእያንዳንዱ ገበሬ ቤት ከነስሙ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል።

የቤተ መጻሕፍቱ በር ዘበኛ አባባ ገመቹ ጠጋ አሉ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚያው ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ማንበብ ግን አይችሉም። «እስቲ ስሞቹን አንብቢልኝ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ ሳነብ እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ «ሞቷል»፣ «እሷም ሞታለች»፣ «እሱ የት እንደገባ እንጃ» ይላሉ። ክፍሉ ውስጥ ከእኛ ሌላ አንባቢ አልነበረም፤ እኔ ግን ስም በጠራሁ ቁጥር ከኋላዬ አንድ ሰው የገባ እየመሰለኝ ዞር ዞር እል ነበር።

ከአንዲት ዝግባ አጠገብ የተሣለ ክብ ላይ ደረስኩ። «እዚህ ጋ ጉድጓድ ይላል» አልኳቸው።

«የአባቴ ነው። እሱ ቆፍሮት መንደሩ ሁሉ ውሃ ይቀዳበት ነበር። ሕንፃው ሲሠራ ደፍነውታል።»

«ዝግባዋማ አለች እኮ አባባ! እኛ እዚያ ነው የምንጫወተው። ስንዘል መልስ ይሰጠናል።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ምን አልሽ? አሁን እዚያ ማን አለ?»

ሚኪ ነበር። አባባ ገመቹ በራቸውን ጥለው ሮጡ፤ እኔ ከኋላ። ሽማግሌ እንዲያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ስንደርስ ሚኪ ከሦስት ልጆች ጋር ይዘላል። ልጮህ ስል አፌን በእጃቸው ያዙኝ፤ ልጆቹ ከደነገጡ እዚያው እንደሚራወጡ ገብቷቸዋል። ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጆች፣ ቀስ ብላችሁ ኑ፣ ከረሜላ አለኝ» አሉ። ኪሳቸው ባዶ ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ መጡ። ሚኪ ግን «ቆይ፣ የታችኞቹን ቻው ልበላቸው» አለና አንዴ ዘለለ። «ዱም» አለ መሬቱ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራሁት።

አባባ ገመቹ ቅዳሜንና እሁድን ወንበራቸውን አምጥተው ቦታውን ሲጠብቁ ዋሉ። ሰኞ አፈሩ ሲገለጥ ጉድጓዱ አልተደፈነም፤ የበሰበሰ ጣውላ ብቻ ተከድኖበት ነበር። ከሥሩ ጥቁር ውሃ አለ። ማን ከድኖት እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴ መጀመሪያ ገረፈችኝ፣ ቀጥላ አቅፋኝ አለቀሰች። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትል ነበር ደጋግማ።

ድንጋይ የጫነው መኪና ጭነቱን ከመገልበጡ በፊት አባባ ገመቹ እፍኝ ለምለም ሣር ውሃው ላይ ጣሉና በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉ። አልገባኝም፤ አልጠየቅኳቸውምም። በሁለት ቀን ጉድጓዱ ሞላ። በሳምንቱ ካርታውን እንደገና እንዳነብላቸው ለመኑኝ። ክቡ ጋ ስደርስ አሳዘኑኝና አለፍኩት። «እሱንም አንብቢው እንጂ» አሉኝ።

ዛሬ የምኖረው የካ አባዶ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ያኔ፣ በአሥር ዓመቴ፣ ከእግሬ ሥር ማን እንዳረሰና ማን እንደቆፈረ በስም አውቅ ነበር። አሁን የጎረቤቶቼን ስም እንኳ የማውቀው ከቴሌግራም ግሩፕ ነው። ባለፈው ልጄ «እማዬ፣ ከእኛ በፊት እዚህ እነማን ነበሩ?» አለችኝ። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አይልሻለሁ አልኳት፤ እስካሁን አልሄድኩም። ጊዜ አጣሁ እላለሁ፤ ሰበብ ነው። ካርታው ቢገኝ፣ ሳነብ ከአንዱ ክብ ላይ ብደርስ፣ «የአባቴ ነው» ብሎ ተነስቶ የሚሮጥልኝ ሰው የለም።