ሙጪትና ሁለቱ የጫማ ፋብሪካዎች

ሙጪት ይሏታል። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሶል በሙጫ ስታጣብቅ ስለኖረች የወጣላት ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ናት። ግን ያጣበቀችው ጫማ ዝናብ በነካው በሳምንቱ አፉን ይከፍታል። መንገድ ላይ አፉን የከፈተ ጫማ ያደረገ ሰው ካየች ፊቷን አዙራ ታልፋለች።

ከግንቡ ወዲያ ሌላ የጫማ ፋብሪካ አለ። የእነሱ ሶል ጫማው አርጅቶ እስኪጣል ንቅንቅ አይልም፤ ቆዳው ግን አፍንጫው ላይ ይሰነጠቃል። እዚያ ቆዳ የሚወጥረው የሙጪት ዋርሳ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። የሚኖሩት አንድ ግቢ፣ እራት የሚበሉት አንድ ገበታ ነው። ሁለቱም ግን ሲቀጠሩ የድርጅታቸውን ምስጢር ላያወጡ ፈርመዋል። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወሬያቸው ይህችው ነበረች፦

“ሥራ እንዴት ነው?”

“ደህና ነው።”

“ኧረ ቀስ፣ ይሄም ምስጢር እንዳይሆን!” ይላል ባሏ።

አንድ ቀን የሙጪት ሥራ አስኪያጅ ከአንድ ጉባኤ “የእውቀት ልውውጥ” የሚል ቃል ይዞ መጣ። ድርጅቶች የሚያውቁትን ካልተካፈሉ ፈጠራ የሚባል ነገር ከየትም አይመጣም አለ። ወዲያው ትልቅ አዳራሽ ተዘጋጀ፣ ግድግዳው ላይ “እንካፈል!” የሚል ጨርቅ ተሰቀለ፣ የሁለቱም ፋብሪካ ሰዎች ተጠሩ። ሙጪትም የሠራተኛ ተወካይ ተብላ ከነጋዋኗ ሄደች።

የእሷ ሥራ አስኪያጅ አርባ ደቂቃ ተናግሮ የስኬታቸው ምስጢር ትጋት መሆኑን ገለጸ። የጎረቤቱ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ አርባ አምስት ደቂቃ ተናግሮ የእነሱ ምስጢር ከፍተኛ ትጋት መሆኑን ገለጸ። ተጨበጨበ። ጥያቄ ያለው ሲባል ሙጪት እጇን አወጣች።

“ሶላችሁ ለምንድን ነው የማይላቀቀው?”

የጎረቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “በጣም ግሩም ጥያቄ ነው” አለና ወደሚቀጥለው አለፈ።

በሻይ ሰዓት ዋርሳዋ ብስኩት እያኘከ ጠጋ አላት።

“እህት ዓለም፣ ዛሬ መካፈል ተፈቅዷል አይደል?”

“ጨርቁ እንደዚያ ይላል።”

“እንግዲያው ስሚኝ። እናንተ ትቸኩላላችሁ። እኛ ጋ ሙጫው እስኪደርቅ ይተውና፣ ከደረቀ በኋላ ሞቅ ተደርጎ ነው የሚጫነው።”

“ከደረቀ በኋላ?” ሙጪት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። “አሥራ ዘጠኝ ዓመት እርጥቡን ስጫን ኖርኩ በለኛ! ቆይ፣ አንተስ ቆዳውን እንዴት ነው የምትወጥረው?”

“እንዴት እወጥረዋለሁ? ይዤ መጎተት ነዋ።”

“በደረቁ? አይ ወንድሜ! አፍንጫውን በእንፋሎት ሳታለሰልሰው ከነካኸውማ መሰንጠቁ መቼ ይቀራል!”

ዋርሳዋ ማኘኩን አቆመ።

ቅዳሜ ግቢያቸው ውስጥ ከአሮጌ የብረት ቁምሳጥኖች ሁለት ማሽን መሰል ነገር ሠሩ። ከታች ውኃ ይፈላና እንፋሎቱ ቆዳውን ያለሰልሳል፤ ከላይ ደግሞ ደረቁ ሙቀት ሶሉን ያሞቃል። አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለእሱ ፋብሪካ ወሰዱ። ክረምቱ ሲወጣ አፉን የከፈተም አፍንጫው የተሰነጠቀም ጫማ ይዞ የመጣ ደንበኛ አልነበረም።

ይህ ነገር አለቆችን አስደነገጠ። በሙጪት ፋብሪካ ፈጠራው ከየት እንደመጣ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመና ከሦስት ወር ጥናት በኋላ የሥራ አስኪያጁ ንግግር ውጤት ነው አለ። በዚያው ሰሞን የጥበቃ ክፍሉም በራሱ መንገድ አጣርቶ ስለነበር ሙጪት ቢሮ ተጠርታ ሁለት ፖስታ ተሰጣት። አንዱ በእውቀት ልውውጥ ላበረከተችው አስተዋፅኦ ምስጋና ነው። ሁለተኛው የእንፋሎቱን ምስጢር ለጎረቤት በማውጣቷ ማስጠንቀቂያ ነው።

“ሁለቱንም የፈረሙት እርስዎ ነዎት?” አለች ሙጪት።

“አዎ” አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ሳያፍር። “ከሁለት ክፍል ነው የመጡልኝ።”

ልትስቅ ምንም አልቀራት። ግን በእርጥብ ሙጫ ያባከነችው ዕድሜ ማንንም አለማስጠየቁ ነው ያናደዳት። ሁለቱንም ፈርማ ተቀብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አሁን ልውውጡ በደንብ ተደራጅቷል። ከግንቡ ወዲያ አንድ ነገር ለመጠየቅ ሰባት ፊርማ ያለው ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል፤ እስካሁን የሞላው የለም። ሙጪትና ዋርሳዋ እራት ላይ ስለ ክርና መርፌ ሲጨቃጨቁ ወጡ ይቀዘቅዛል።

ባለፈው እሑድ አንዲት የቦርሳ ፋብሪካ ሠራተኛ በራቸውን አንኳኳች። “ዚፓችን አንድ ወር አይቆይም፤ እዚህ ቤት ሰው ይነግራል ሲሉ ሰምቼ ነው” አለች፣ ግራ ቀኝ እያየች።

ሙጪት ወንበር ሳበችላት። “ግቢ እንጂ፣ ዚፑን ይዘሽዋል?”