የስቅለት ተረኛ

ድሬሰር ሆኜ ሥራ የገባሁ ዕለት ሲስተር የሺ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወንበር ላይ ዘረጉና ፋሻ ሰጥተው እሰረው አሉኝ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበረች፤ ሲስተር አለቃዋ ናቸው። እንደ አህያ ጭነት ጠፍሬ አሰርሁት፤ ያማረ መሰለኝ። እሳቸው ሻያቸውን ጠጥተው ጨረሱና ጣቶቼን እያቸው አሉ። በልዘዋል። ቁስል አስሮ ጣት ሳያይ የሚሄድ ጫኝ እንጂ ድሬሰር አይባልም ብለው አባረሩኝና በማግሥቱ እግራቸውን እንደገና አሳሰሩኝ።

ሥራውን ቶሎ ለመድሁ። የቁስሉን ጨርቅ፣ ጎዙን ቆርጬ በእንፋሎት ማምከኛው ኦቶክሌቭ አስገባለሁ፣ ቁስል በፎርሴፕ አጸዳለሁ፣ ሐምራዊውን መድኃኒት ጂቪ ቀብቼ አስራለሁ። ከላዬ ጤና ረዳት አለ፣ ከዚያ በላይ ነርስ። ከበታቼ የነበሩት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ዘይነባ ብቻ ናቸው። ገበሬው ሁሉ ዶክተር ይለኛል፤ አንድም ቀን አላረምሁም። እትዬ ዘይነባን ግን አርሜያለሁ። አንድ ቀን የላላ ፋሻ ሲያስተካክሉ አይቼ ሰው ፊት ጮኼባቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ፋሻ በእጃቸው እንዳይነኩ ከለከልኋቸው።

ዘመኑ ደርግ ነው። ጽድቅ እንደዚያን ጊዜ ረክሶ አያውቅም። የመሥሪያ ቤታችንን የውይይት ክበብ የሚመራው ጓድ ጾመኛ ባየ ቁጥር ይገላምጣል፤ እሱ ከገላመጠኝ በቃ፣ ጻድቅ ሆኜ ዋልሁ ማለት ነው። ውዳሴ ማርያሜን ጫፏ ወጣ እንድትል አድርጌ በጋውኔ ኪስ እይዛታለሁ። በጽዋ ማኅበራችን ስለ በጎነት ከእኔ በላይ የሚናገር አልነበረም። በሽተኛ ፊት ስቆም ግን ኮሶ የጠጣሁ ነው የምመስለው።

አንድ ዓመት ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ የስቅለት ተረኛ ተደረግሁ። ጤና ረዳታችን ተዛውሯል፣ ሲስተርም ለክትባት ጢስ ዓባይ ወርደው የሚመለሱት ቅዳሜ ነው። ስሜን ሰሌዳው ላይ ሳይ ደሜ ፈላ። ይሄ የጓዱ ተንኮል ነው፣ ከስግደት ሊነጥለኝ ነው አልሁ። ማኅበርተኞቼም ፈተና ነው፣ በርታ አሉኝ። ማን መደበኝ ብሎ መጠየቅ እንኳ አልመጣልኝም።

በዚያ ሳምንት ተኝተው የሚታከሙት አቶ ዓለምነህ ብቻ ነበሩ፤ ከቁንዝላ በጀልባ የመጡ ገበሬ። እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያ እግራቸውን መትቷቸዋል። ቁስሉ እየሻረ ስለነበር ለእርሻ እደርሳለሁ እያሉ ቀን ይቆጥራሉ። ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ሳጥብላቸው ደማ። ደሙ እስኪቆም መጠበቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ሕጽበተ እግር ሊያመልጠኝ ነው። ጠፍሬ አሰርሁና ጣት ሳላይ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ፣ ካህኑ ቆሻሻ እግር እንዳያገኙብኝ እግሬን በሳሙና ፈትጌ ታጠብሁ። ይታያችሁ እንግዲህ፣ የታጠበ እግር ላሳጥብ!

ማታ አልተመለስሁም። አርብም ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ዋልሁ። ስድስት ሰዓት ገደማ አንዲት ሴትዮ በሰው መሐል ተሹለክልካ መጣችና እትዬ ዘይነባ በር ላይ ቆመው እንደሚጠሩኝ ነገረችኝ። የገበሬው ጣቶች ቀዝቅዘው ጠቁረዋል፣ ቶሎ ይድረስ ብለዋል። ቀና ስል አየኋቸው፤ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ነው የመጡት።

ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል፤ ሥራዬ ነውና ይህን አልክድም። ግን ሰይጣን ስግደቴን ሊያስቋርጠኝ ሰው ላከብኝ አልሁና በእጄ እንዲቆዩ አመለከትሁ። ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ መቁጠሪያዬን እንኳ አልለቀቅሁም። ፋሻውን በመቀስ መበጠስ ለእሳቸው የደቂቃ ሥራ ነበር። እንዳይነኩ የከለከልኋቸው ደግሞ እኔው ነኝ።

ስግደቱ ሲያበቃ ሄጄ ፋሻውን ቆረጥሁት። እግሩ አልሞቀም። ያንኑ ዕለት ከእትዬ ዘይነባ ጋር ሆነን ሆስፒታል አደረስናቸው፤ ሐኪሞቹ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት።

ቅዳሜ ጓዱ በደስታ ሊሞት ነው። በሃይማኖት ሰበብ አብዮታዊ ግዴታውን ጣለ ብሎ ጽፎ መጣ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም በውስጤ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ልከሰስ ነዋ! ሲስተር ወረቀቱን ተቀብለው ቀደዱትና በሌላ ወረቀት “ተረኛ ሆኖ ሳለ ሳያስረክብ ሄደ” ብለው ጻፉ። ጓዱ ሆን ብሎ እንደመደበኝ ነገርኋቸው።

“የመደብሁህ እኔ ነኝ፤ እጅህ ጥሩ ነው ብዬ” አሉ። “እኔም ክርስቲያን ነኝ። ሰማዕት ግን አላደርግህም። የሰው እግር ጥለህ የሄድህ ሠራተኛ ነህ፤ እሱን ይዘህ ኑር።”

ከዚያ እኔን ቁስል ከማሰር ሥራ አውርደው ጎዝ ቆራጭ አደረጉኝ፤ እትዬ ዘይነባን ፋሻ መፍታትና ማሰር አስተማሯቸው።

በፋሲካ ማግሥት ድፎ ዳቦ ይዤ ሆስፒታል ሄድሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አቶ ዓለምነህ አያውቁም፤ ልነግራቸው ነው የሄድሁት። ሲያዩኝ ሊነሱልኝ ሞከሩ።

“አርብ ቀኑን ሙሉ ስትሰግድ ዋልህ አሉኝ” አሉ። “ለእኔ ነው የሰገድህልኝ። ነፍሴ የተረፈችው በአንተ ጸሎት ነው። እግዜር ይስጥህ ልጄ።”

አሜን ብዬ ወጣሁ። ኋላም አልነገርኋቸውም።

በዚህ ሥራ ላላችሁ ወጣቶች የምለው አጭር ነው። በጎነት እንደ ቁስል ማጠብ ነው፤ በየቀኑ በእጅ እየሠሩት ነው የሚለመደው። ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፤ በሽተኛችሁን ለሰው ሳታስረክቡ ግን አትሂዱ።