ከሁለቱ ግራሮች አንዱ

አባቴ የተቀበረው ከየትኛው ግራር ሥር ነበር? እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ይህ ጥያቄ ግን አልወጣም።

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ሆሳዕና፣ በቤቴ ፊት ለፊት የሚያልፈው መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ዛፍ ቆራጮች መጡ። ከአጥሬ ውጭ ሁለት የግራቪሊያ ዛፎች አሉ። የሞተር መጋዝ የያዘ ወጣት በሩን አንኳኳና፣ "ማዘር፣ አንዱን ለጥላ ልንተውልዎት እንችላለን። የትኛው ይቅር?" አለኝ። የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ቀረሁ። ጆሮዬ የደከመ መስሎት ይሆናል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመልኝ። ሰምቼዋለሁ። ይህንኑ ጥያቄ ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ኮረዳ ነበርኩ፤ የምንኖረውም ከምባታ ውስጥ፣ አዲሎ ነበር። አባቴ እንደ ብዙ የአገራችን ወንዶች ሸንኮራ ሊቆርጥ ወደ መተሐራ ይወርድና ለእንሰት ተከላ ይመለስ ነበር። አንድ ዓመት አብሮት የወረደው ጓደኛው አቶ ሀንዲሶ ብቻውን መጣ። ወባ ነው አለን። በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ባቡር ጣቢያው ሲጣደፉ መንገድ ላይ አረፈ፤ ሙቀቱ ስለማያስቆይ እዚያው ቀበሩት። እናቴ የቦታውን ምልክት ደጋግማ አስነገረችው። "ሐዲዱ የሚታጠፍበት ጋ ግራር አለ፤ ከሥሩ ነው። ደረቅ ወንዝ ከማዶ ይታያል" አለ አቶ ሀንዲሶ። ብዙም ሳይቆይ እሱም ሞተ። የቀረን ያ ቃሉ ብቻ ነበር።

"ሰው እኮ የሚያለቅስበት አፈር ይፈልጋል" ትል ነበር እናቴ። ትንንሾቹን ልጆች ጥላ መሄድ አልቻለችም። ከዚያ አንድ ቀን አዲሎ መናኸሪያ ላይ፣ በዚያው በባቡሩ መስመር ዳርና ዳር ያለው ዛፍ ሊመነጠር ነው፣ ሠራተኛም ይፈለጋል የሚል ወሬ ሰማች። እየሮጠች መጣች። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቀለለችልኝ፣ ቆሎ ቋጠረችልኝ። "ሳይቆርጡት ድረሺ" አለችኝ። "ባታስጥዪው እንኳ ከሥሩ አፈር አምጪልኝ።"

ጥቅምት ነበር። አላባ ላይ መንገድ ዳር የተሰጣው በርበሬ ከተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ጀርባ ሆኜ እንኳ አስነጠሰኝ። ቆላው ላይ ስንደርስ ቆጮው ሽታውን ቀይሮ ነበር። ሆኖም አልጣልኩትም፤ የቤቴ ሽታ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ከዛፍ መንጣሪዎቹ ጋር ተቀጠርኩ። የቡድናችን ካቦ ጋሼ ታደሰ የሚባሉ ቀጭን ሰው ነበሩ። ወንዶቹ ግራሩን በመጥረቢያ ይጥላሉ፤ ጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ሥሩን በዶማ ቆፍረው ያወጣሉ። እኛ ሴቶች እሾሁን እንጎትታለን፣ በተቆፈረው ቦታ ደግሞ ገመድ የሚሠራበትን የቃጫ ተክል እንተክላለን። ለምን ቃጫ እንደሆነ ካቦውን ጠይቄያቸው ነበር። ከብት አይበላውም፣ ቁመቱም የባቡር ነጂውን ዓይን አይጋርድም አሉኝ። ከብት የሚወደው ነገር ከተተከለ ከብቱ ሐዲዱ ላይ ይወጣል። ነገሩ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ነው ያስጨነቀኝ። በየቀኑ ወደ ኩርባው በቀረብን ቁጥር እንቅልፍ እየራቀኝ ሄደ።

"ይቺ የከምባታ ልጅ ምሳዋን ለማን ነው የምታስቀምጠው?" ይላል ዶማ ያዡ ጉልላት፣ ሳልበላ ሲያየኝ። "ባል አግኝታ እንዳይሆን።" ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ ኩርባውን አያለሁ።

ደረስን። ግራሩ ሁለት ነበር።

ውፍረታቸው አንድ፣ ዕድሜያቸው አንድ። በመካከላቸው አንድ ጎጆ የሚያቆም ቦታ አለ። ደረቁ ወንዝ ከሁለቱም ሥር ይታያል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሮጥኩ። የተቆለለ ድንጋይ ፈለግኩ፣ የተለየ አፈር ፈለግኩ፤ ጎርፍና ፍየል ሁሉንም አስተካክለውት ነበር። አቶ ሀንዲሶ "ግራር" ሲል አንዱን ብቻ ነው ያየው? ወይስ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ የሁለተኛው መኖር ትዝም አላለው?

ካቦው እግር ላይ ወደቅኩ። "ጋሼ፣ እባክዎ አይቁረጡት። አባቴ እዚህ ነው።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ። "የቱ ጋ?"

"ከግራሩ ሥር።"

"ከየትኛው?"

ከአንዱ ግራር ወደ ሌላው አየሁ።

"ስሚኝ ልጄ" አሉኝ አንስተውኝ። "ሁለቱንም ብተው ኩርባው ላይ የቆመ ሰው ለነጂው አይታይም። ነገ ደግሞ የሌላ ሰው አባት ይሞታል። አንዱን ግን ሐዲድ ለሚጠግኑት ጥላ ይሁን ብዬ እተዋለሁ። የትኛው ይቅር?"

"እርስዎ ይምረጡልኝ።"

"በሰው አባት እኔ አልመርጥም።"

ምሳ እስኪበላ ጊዜ ሰጡኝ። ከአንዱ ሥር ተቀምጬ "አባባ" ብዬ በከምባትኛ ተጣራሁ፤ ተነስቼ ከሌላው ሥር ተጣራሁ። ሁለቱም ላይ ያው ነፋስ ነበር። በመጨረሻ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት፣ ወደ አገራችን በኩል ያዘመመውን አሳየኋቸው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

የሌላው ሥር ሲቆፈር ከጉድጓዱ አፋፍ አልተነቃነቅኩም። "ምን ትጠብቂያለሽ፣ ወርቅ?" አለ ጉልላት። ከሴቶቹ አንዷ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ከዚያ ወዲያ ዶማውን ቀስ እያደረገ፣ አፈሩን በእጁ እየዳበሰ ቆፈረ። አጥንት አልወጣም። ግን የቆፈረው እስከ ወገቡ ነው፤ ሥሩ ካለቀ ማን ከዚያ በላይ ይቆፍራል? ጉድጓዱ ተደፈነ። ቃጫውን የተከልኩት እኔ ነኝ።

ካዘመመው ግራር ሥር አፈር ዘግኜ በሻሼ ጫፍ ቋጠርኩ። ልሄድ ስል ወደ ቃጫው ተመልሼ ከዚያም ዘገንኩ። ትንሽ ቆሜ መልሼ አፈሰስኩት። አባቴን ለሁለት መክፈል መሰለኝ።

እናቴ ቋጠሮውን አራስ ልጅ እንደሚቀበል ሰው በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። "ጥላ አለው?" ብቻ ነው ያለችኝ።

"አለው" አልኳት።

ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ቀበረችውና እስክትሞት ድረስ እዚያ አለቀሰች። ሁለት ነበር ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት ግን በየሌሊቱ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ወደ ኩርባው ተመልሼ አልሄድኩም። ብሄድስ ማንን እጠይቃለሁ?

በዚያው ዓመት ጉልበቴ ከሥሩ የማይገባ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ከሕፃናት ጋር ሀ ሁ ጀመርኩ። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ ስኖር፣ ከመጻሕፍት መዝገቡ ላይ አንዲት ቃል ጎደለች ብዬ ሰው ሳስለፋ ባልደረቦቼ ነገረኛ ይሉኝ ነበር። አንዲት ቃል ምን እንደምታደርግ አያውቁም።

ይህን ሁሉ ለባለመጋዙ ወጣት ነገርኩት። ለማንም ያልነገርኩትን፣ ስሙን ለማላውቀው ሰው፣ በሩ ላይ ቆሜ። መጋዙን መሬት አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"እኔ የዚሁ አካባቢ፣ የቦኖሻ ልጅ ነኝ" አለ። "ታላቅ ወንድሜ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ቀረ። አብረውት ከሄዱት አንዱ ታንዛኒያ ነው ይላል፣ ሌላው ማላዊ ነው ይላል። መንገድ ዳር ቀበርነው ነው የሚሉት።"

"ዛፍ ነበረው?" አልኩት።

"አልጠየቅናቸውም፣ ማዘር።"

የእኔ ጥያቄ ሁለት ዛፍ ነበረው። የእሱ እናት የምትመርጠው እንኳ የላትም። ይህን ማወቄ ያቀልልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላቀለለልኝም፤ አሁን አባቴንም የእሱን ወንድምም አስባለሁ።

ጓደኞቹ ከመንገዱ ጠሩት። መጋዙን አነሳ፣ የትኛው ይቅር ብሎ ግን አልደገመልኝም። ሞተሩ ሲነሳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ የትኛው እንደቀረ እንዳላይ፣ የምወጣው በጓሮ በር ነው።