ለቧንቧ ብዬ የደወልኩላቸው ሰውዬ

ኩዌት ውስጥ የምኖርባት ሰፈር፣ ማህቡላ፣ በኮሮና ምክንያት በሽቦ ታጥራ የተዘጋችበት ሰሞን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ደወለልኝ።

«ባሽሙሃንዲስ ራፋት ጋ ደውዪ። ዛሬውኑ!»

ያኔ አንድ ኮንትራክተር ጋ፣ ክሌም ክፍል ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ክሌም ማለት በአጭሩ «ይሄን ትርፍ ሥራ ያዘዛችሁን እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ጊዜ ጨምሩልን» እያሉ ከአሠሪው ድርጅት ጋር መጨቃጨቅ ነው። ባሽሙሃንዲስ ራፋት ደግሞ የአሠሪው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ናቸው፤ ጠና ያሉ ግብፃዊ፤ «ባሽሙሃንዲስ» በነሱ አጠራር «ኢንጂነር» እንደማለት ነው። ሳይት ላይ ቆመው «ይሄ ቧንቧ በፓምፑ ጀርባ ይዙር» አሉን፤ አዞርነው። ግን በቃል ነው... ቼንጅ ኦርደሩን፣ ማለትም የሥራ ለውጥ ማዘዣውን፣ ሳይፈርሙልን ኮሮና ያዛቸውና ሆስፒታል ገቡ። አሠሪው አሁን «ማን አዘዛችሁ?» ይለናል።

«ታመው የለ እንዴ?» አልኩት አለቃዬን።

«ለዚህ እኮ ነው! አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ይመሰክርልናል? ጊዜው ካልተጨመረ ቅጣት አለ። ቀድሞ የሚቀነሰው ደግሞ የኛ ክፍል ነው።»

ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ቤቱ ጭር ብሏል። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሱራ ማዳሟ ቤት ለሥራ እንደሄደች መንገዱ ተዘግቶ እዚያው ቀርታለች። ከሥራ ውጪ የሚደውልልኝ ሰው አልነበረም... የራሴን ድምፅ ስሰማ ራሱ ይገርመኝ ጀምሮ ነበር።

ደወልኩ።

«ማነው?» አሉ። ሳይት ላይ ከማሽን በላይ የሚጮኸው ድምፃቸው ሟሙቶ ጠፍቷል። ስሜን ነገርኳቸው።

«አንቺ ነሽ? ወላሂ፣ ከሥራ ቦታ የደወለልኝ ሰው የለም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

በቃ... ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «እንዴት ነዎት?» ብቻ አልኩ።

ብዙ አወሩ። ሚስታቸው ግብፅ ናት፤ መታመማቸውን አልነገሯትም። በቪዲዮ ስትደውል የሆስፒታሉን አልጋ እንዳታይ «የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል» ይሏታል። እየሳሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ... ከዚያ እንባዬ መጣ።

«እግዚአብሔር ይማርዎት» ብዬ ልዘጋ ስል፣

«ቆይ ልጄ» አሉ። «የደወልሽው ለቧንቧው ነው፣ አይደል?»

መዋሸት አቃተኝ። «አዎ... ግን ይተዉት፣ ይረፉ።»

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እጽፍላችኋለሁ።»

ሳይመሽ ኢሜይላቸው ገባ፤ ሁለት መስመር ብቻ። አለቃዬ በደስታ ጮኸ። «ጎበዝ! ምን ብለሽ አሳመንሻቸው?»

«ምንም» አልኩት።

ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ጊዜው ተጨመረልን፤ እኔም ከሥራ አልተቀነስኩም። እሳቸውም ድነው አገራቸው ገቡ። እኔ ግን የማልረሳው በማግስቱ የሆነውን ነው። ተነስቼ እንደገና ደወልኩላቸው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጎደላችሁ?» አሉ፣ ድክም ባለ ድምፅ።

«ምንም። እንዲሁ ነው የደወልኩት።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ፣ አለሁ» አሉ ቶሎ ብለው። ከዚያ ስለ ትንሿ ልጃቸው ሠርግ ማውራት ጀመሩ። እኔም ወንበሬን ወደ መስኮቱ ስቤ ተቀመጥኩ።

ኩዌት ከመጣሁ እንደዚያ ቀን ረጅም ወሬ አውርቼ አላውቅም... ያውም ስለማላውቃት ሙሽራ!