የተሰረዘው የመርዶ ትዕይንት

ሰው ሲደክመው ወገቡን ይይዛል፤ ጽጌሬዳ ግን ሲደክማት ዝም ትላለች። ባሏ የሺዋስ ይህን ስለሚያውቅ፣ በዚያ ሳምንት ዝም ዝም ስትል በሥራዋ አሳበበ። እሷም ያሳብብ ብላ ተወችው።

ሥራዋ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ከማሽን የሚወጣውን ትኩስ አንሶላ ስታጥፍ ትውልና ካልጋሪ ራንድል ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ስትገባ እጇ አሁንም የሚያጥፍ ይመስላታል። በዚያ ሳምንት ደግሞ ማታ ማታ የባሏን የትያትር ልብስ ትሰፋ ነበር። ከአሮጌ የትራስ ልብስ ነጭ አንገትጌ ሠርታለታለች፤ እንደ ጥቅል ጎመን የተጨማደደ፣ በስታርች የደረቀ፣ የጥንት እንግሊዞች አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት።

ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ጋሽ ታደገ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃት ነበር። ካልጋሪ ላለ ሐበሻ ዘመድ ሲሞትበት ከአገር ቤት የሚደወለው ለጋሽ ታደገ ነው፤ በቀጥታ ለባለ ሐዘኑ አይደወልም። ስለዚህ ጋሽ ታደገን ሳይጠራ ቆሞ ያየ ሰው ሁሉ መርዶ እንደ መጣ ያውቃል።

«የማን ነው?» አለችው፣ ገና የመኪናውን በር ሳትከፍት።

«ግቢ እስቲ፣ ብርድ ነው።»

«ጋሽ ታደገ፣ የማን ነው?»

«የየሺዋስ እህት ናት። ገበያነሽ። እሑድ ቀብረዋታል።»

ጽጌሬዳ መኪናው ውስጥ ገብታ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጋሽ ታደገ ሽማግሌዎቹ የመከሩትን ነገራት። ቅዳሜ የየሺዋስ ትያትር አለ፤ አዳራሹ ተይዟል፣ ሰው ሁሉ ተጠርቷል፣ ሰውዬው ክረምቱን በሙሉ ለፍቶበታል። ትያትሩን ያሳይ፤ እሑድ ማለዳ ሰው ሰብስበው በወጉ ያረዱታል።

«እንዲህ ከምሥራቅ ከምዕራብ ተሯሩጠን አንድ ቀን ብንደሰት ምን አለ? ሟች እንደሆነች አትመለስ፤» አለ ጋሽ ታደገ።

«እኔ ቃል አለብኝ።»

«የምን ቃል?»

አልነገረችውም። ቃሉ የባልና ሚስት ነበር። የሺዋስ ወጣት ሳለ ከአንድ የትያትር ጓድ ጋር ሐረር ወርዶ ሲጫወት አባቱ ደሴ ላይ ሞቱ። ጓደኞቹ ሰምተው ደበቁት፤ የሚጫወተው የሚያስቅ ክፍል ነበርና ዙሩ እንዳይበላሽ ብለው። አባቱ አፈር ከለበሱ በኋላ እሱ ብዙ ቀን ሰው ሲያስቅ፣ ራሱም ሲስቅ ሰነበተ። ይህን ለጽጌሬዳ የነገራት ሱዳን ሳሉ፣ ከመጋባታቸው በፊት ነው። «ለእኔ የመጣ መርዶ አንቺ ዘንድ አንዲት ሌሊት እንኳ እንዳያድር፤» አላት። እሷም እሺ አለች። ያን ጊዜ እሺ ማለት ቀላል ነበር።

እትዬ ገበያነሽ ደግሞ እንዲሁ እህት ብቻ አልነበረችም። እናታቸው ስትሞት እሱን ያሳደገችው እሷ ናት። ተማሪ ቤት ትያትር ሲሠሩ ሴት ልጅ መድረክ ላይ አትወጣም ተብሎ ሙሽሪት እንዲሆን ያደረጉት የሺዋስን ነው። ገበያነሽ የራሷን ቀሚስ አልብሳ ላከችው። በማግሥቱ የሰፈር ዱርዬ «ሙሽሪት!» እያለ ሲከተለው፣ በሙቀጫ ዘነዘና አባራ እስከ ወንዙ ወሰደችው ይባላል።

የሺዋስ ካልጋሪ ከገባ ጀምሮ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነው። አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የመስታወት ቤት ተቀምጦ ገንዘብ ይቀበላል። መኪና በማይመጣበት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን ያነባል። በዚያ ክረምት የያዘው የአንድ ዝነኛ እንግሊዛዊ ጸሐፌ ተውኔት ሕይወት ነበር፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የኖረ። የቅዳሜውንም ትያትር የጻፈው ስለዚሁ ሰው ነው፤ ራሱም እሱን ሆኖ ይጫወታል። ያነበበውን ማታ እራት ላይ ለጽጌሬዳ ይተርክላታል።

«የጓንት ሰፊ ልጅ ነው። ትምህርቱም ያን ያህል አልነበረም። አገሩን ጥሎ ለንደን ገባና ተዋናይ ሆነ።»

«ሚስት አለችው?»

«በአሥራ ስምንት ዓመቱ ነው ያገባው። እሷ ትበልጠዋለች። ከልጆቿ ጋር እዚያው ቀረች።»

«ታዲያ ልብሱን ማን ያጥብለታል?»

«ጽጌ! የዓለም ታላቅ ባለ ተውኔት ስልሽ አንቺ ስለ ልብሱ!»

«ታላቅ ከሆነ ልብሱ አይቆሽሽም?»

ትያትር ቤቱ ጣሪያው ክፍት እንደነበር፣ ድሃው ዝናብ እየመታው መሬት ላይ ቆሞ እንደሚያይ፣ ቸነፈር በገባ ቁጥር እንደሚዘጋ፣ የሴቱን ክፍል ወንዶች ልጆች ቀሚስ ለብሰው እንደሚጫወቱ ነገራት። አንድ ማታ ደግሞ የሰውዬው አንድ ወንድ ልጅ በአሥራ አንድ ዓመቱ እንደ ሞተ ነገራት።

«እሱ የት ነበር?»

«ማን ያውቃል። ለንደን ይሆናል። ወይ ከጓዱ ጋር ገጠር ለገጠር እየዞረ ይሆናል።»

«ማን አረዳው?»

«አልተጻፈም።»

ጽጌሬዳ የያዘችውን ሰሐን አስቀመጠች። «እንዴት አይጻፍም? ልጅ ሞቶበት? ሰው ተሰብስቦ ነው? ብቻውን ነው? የሚደግፈው ሰው ነበር?»

በማግሥቱ የሺዋስ በዚያች የመስታወት ቤት ውስጥ ሆኖ መርዶውን ጻፈው። ባለ ተውኔቱ መድረክ ላይ ሲለማመድ ከአገሩ መልእክተኛ ይመጣል፤ አቧራውን እያራገፈ ይቆማል፤ መናገር ያቅተዋል። ከትያትሩ ሁሉ የተሻለው ቦታ እሱ ሆነ።

ጽጌሬዳን ማክሰኞ ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣት ይኸው ቦታ ነው። የሺዋስ ለይምሰል መርዶ ሲቀበል አዳራሹ ሙሉ ሰው እውነቱን ያውቃል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ረቡዕ ከሥራ ቦታ ለጋሽ ታደገ ደወለች።

«ያንን ክፍል ቢያንስ አስቀሩልኝ። እሱን ቆሜ ማየት አልችልም።»

«እውነትሽን ነው። ሟርትም ነው። ተይው ለእኔ፤» አለ ጋሽ ታደገ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዶቨር ሰፈር ባለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የመጨረሻው ልምምድ ነበር። መድረኩ ላይ በካርቶን የተሠራ፣ ክብ፣ የሣር ክዳን የተሳለበት ትያትር ቤት ቆሟል። የትያትር ቤቱን ባለቤት ሆኖ የሚጫወተው ሃይልኣብ ነው፤ አስመራ በአማርኛ የተማረ፣ ለእያንዳንዱ ቃል ከየሺዋስ ጋር የሚሟገት ሽማግሌ። መልእክተኛው ሃሌሉያ ናት፤ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ። ወንዶቹ ሁሉ ሺፍት ላይ ስለሆኑ ባርኔጣ ተደፍቶላት ወንድ ሆነች። «እንግሊዞቹ ወንዱን ሴት አደረጉ፣ እኛ ሴቷን ወንድ አደረግን፤ ሒሳቡ ተዘጋ፤» ብሎ ሃይልኣብ ሁልጊዜ ያስቃቸዋል። በዚያ ቀን ግን አላለም።

ጋሽ ታደገ ጉሮሮውን ጠራረገ። «የሺዋስ፣ ሰዓት ያጥረናል። አንድ ክፍል ብንቀንስ ብለን ነው።»

«የትኛውን?»

«ያን የመርዶውን።»

«ዋት?» አለች ሃሌሉያ። «በት ጋሼ፣ ያለኝ ሲን እኮ እሱ ብቻ ነው! ሙሉውን ሜሞራይዝ አድርጌዋለሁ!»

የሺዋስ ሳቀ። «እሱ ከወጣማ ምን ቀረ? ሃይልኣብ፣ ንገረው እንጂ።»

«ቢቀርም ግድ የለም፤» አለ ሃይልኣብ ጫማውን እያየ።

«አንተ ነህ ግድ የለም የምትል? ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ‹እና› ስትጣላኝ አምሽተህ?»

«ልጆችም ይመጣሉ። ሐዘን ምን ያደርግላቸዋል፤» አለ ጋሽ ታደገ።

የየሺዋስ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። መጀመሪያ ሃይልኣብን፣ ቀጥሎ ጋሽ ታደገን አየ። በልምምድ ቀን መጥቶ የማያውቀው ጋሽ ታደገ የየሺዋስን ካፖርት ክንዱ ላይ ይዞለት ቆሟል። በመጨረሻ ጥግ ላይ መርፌ የያዘችውን ሚስቱን አየ። ጽጌሬዳ አንገቷን አላቀናችም።

«ዕድሜዬን መድረክ ላይ ነው የፈጀሁት፤» አለ ቀስ ብሎ። «ሰዓት ሲያጥር የሚወጣው ዘፈኑ ነው። መርዶ አይወጣም።» ከመድረኩ ወረደ። «ማነው?»

ሃይልኣብ ፊቱን ወደ ካርቶኑ ትያትር ቤት አዞረ።

«ማነው የሞተብኝ?»

ጋሽ ታደገ «ተቀመጥ እስቲ መጀመሪያ» ሲል ጽጌሬዳ ተነሣች። ማለዳ አይደለም፤ ዘመድ አልተሰበሰበም፤ ሰውዬው የእንግሊዝ ልብስ ለብሶ ቆሟል። ከዚህ በላይ ማቆየት ግን አልቻለችም።

«እትዬ ገበያነሽ ናት፤» አለችው።

የሺዋስ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አንገትጌው አንቆት እጁን ሰደደ፤ መርፌ ቁልፉ እምቢ አለው። ልትፈታለት ስትንበረከክ እጇን ገፋው።

«መቼ ሰማሽ?»

«ማክሰኞ።»

ፊቱን ከእሷ አዞረ። ሃይልኣብ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወይኔ ወንድሜን!» ብሎ አለቀሰ፤ የሚጀምር ሰው ከሌለ ለቅሶ ታፍኖ ይቀራልና። ሃሌሉያ ባርኔጣዋን አውልቃ «ሶሪ ጋሼ፣ ሶሪ» እያለች የየሺዋስን ትከሻ ያዘች።

ቤታቸው ሰው ስለማይችል ጋሽ ታደገ ለቅሶውን እዚያው አዳራሽ አደረገው። ቅዳሜ ለትያትር የተጠራው ሰው ሁሉ ምግቡን በድስት ይዞ መጣ። ወንበሩ ቀድሞ ተደርድሯል፤ ካርቶኑን ያነሣው ስላልነበር የሺዋስ በዚያ ክብ ትያትር ቤት ሥር ነጠላ ለብሶ ተቀመጠ። ስለ እህቱ አወራ፣ አለቀሰ፣ የዘነዘናውን ታሪክ ሲነግራቸው ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ። ከጽጌሬዳ ጋር ግን አልተነጋገረም። ሴቶቹ «አይዞሽ፣ ሐዘን ነው፣ ያልፋል» ይሏታል። እሷ ውሃ ታቀርባለች፣ ሳህን ትሰበስባለች። የተቆጣው ለምን እንደሆነ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከሥራ ቦታዋ ዓርብንና ቅዳሜን ብቻ ነበር የፈቀዱላት። እሑድ ማለዳ ጫማዋን እያሰረች ሳለ የመኪናቸው ሞተር ሲነሣ ሰማች። ወጥታ ስታይ የሺዋስ መስታወቱን እየጠረገ ነው።

«ላድርስሽ፤» አለ።

መንገዱ ባዶ ነበር። የሺዋስ እየነዳ መናገር ጀመረ።

«ማክሰኞ እራት ላይ ስስቅ ነበር። ሃይልኣብ የተናገረውን እያስመሰልኩ።»

«አዎ።»

«እያየሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ምን አልሽ በሆድሽ?»

ጽጌሬዳ ውሸት ፈልጋ አጣች፤ ለመፈለግም ደክሟታል። «ዛሬን ይሳቅ አልኩ። ረቡዕም ዛሬን ይሳቅ አልኩ። የሐረሮቹም እንዲሁ ብለው ይሆናል፤ ክፋት አልነበረም።»

የሺዋስ መብራት ይዞት ሲቆም ፊቱን ወደ እሷ ሳያዞር «ብቻሽን ይዘሽው ሰነበትሽ፤» አለ።

«ከበደኝ።»

«ይክበድሽ!» አለ በቁጣ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ቃል አፍርሰሻል፣ ጽጌ። ይህን እንዲህ በአንድ ጊዜ አልረሳልሽም።»

«አትርሳ።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«የሰማሁ ዕለት እነግርሃለሁ።»

«ሽማግሌ ቢሰበሰብም?»

«ቢሰበሰብም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። የሺዋስ የመኪናውን ማሞቂያ ወደ እሷ አዞረላት። ዲርፉት የተባለውን አውራ ጎዳና ተሻግረው ሆስፒታሉ በር ላይ ሲቆሙ ጽጌሬዳ አንገቷ ዘንበል ብሎ ተኝታ ነበር። ሰዓቱን አየ። ጥቂት ደቂቃ ነበራት፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቃት።