ለእማ ሞሚና የዘገየ መርዶ

ንጋት 11:30፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ

ሱብሂ ሰግጄ መናኸሪያ ስደርስ ገና ጨለምለም ያለ ነበር። የሰመራው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ የሽንኩርት ጆንያ፣ የታጠፈ ፍራሽና ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ተጭኗል። እኔ የያዝኩት አንድ ትንሽ ቦርሳና አንድ መርዶ ነው።

አያቴ እማ ዘሀራ ካረፈች ሦስት ሳምንት ሆናት። ወሎ ላሉት ዘመዶቻችን በዚያው ቀን ተደወለ። ሰመራ ልጃቸው ዘንድ ለሚኖሩት ጓደኛዋ ለእማ ሞሚና ግን የነገራቸው የለም። ስልካቸው ከማናችንም ዘንድ አልነበረም፤ ሁለቱ ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን የተላላኩት በሾፌሮች አፍ ነው። አያቴ አልጋ ከያዘች በኋላ እጄን ይዛ፣ «ሞሚና ከመንገድ እንዳትሰማ፤ አንቺ ሄደሽ ንገሪያት» ብላኝ ነበር። እሺ ብያለሁ። ግን ሰው ፊት መናገር ይጨንቀኛል፤ ነገ ነገ ስል ሃያ ቀን አለፈ። አሁን የምፈራው ቀድመው ሰምተው «ያ ቤት ረሳኝ» እንዳይሉ ነው።

የሚረሱ ሰው አይደሉም። እናቴ በተወለደች ሰሞን አያቴን ወባ ጥሏት ጡቷ ደርቆ ነበር። ያኔ እማ ሞሚና ባቡር ጣቢያው ላይ ወተት የሚሸጡ ልጃገረድ ናቸው። ለአራት ወር በየማለዳው በእግራቸው የፍየል ወተት አመላለሱ። እናቴ ያደገችው በዚያ ወተት ነው።

ከጠዋቱ 3:00፣ ገዋኔ

ፀሐይ ወጥታለች። በግራና በቀኝ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ ፍየሎች፣ ከዘንባባ ሰሌን የተሠሩ ክብ ቤቶች፤ ከፊታችን ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ተሰልፈዋል። በሩቁ የአየሉ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ቆሟል።

ሾፌራችን አደም ድሮ ከባድ መኪና ይነዳ ስለነበር አያቴን ያውቃታል። እሷ ከወሎ የመጣችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ የባቡር ሠራተኛ አግብታ ነው። መጀመሪያ በባቡሩ መስኮት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ትሸጥ ነበር። ባቡሩ ሲቀር ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዙራ ለሾፌሮች ሩዝና ፉል መሥራት ጀመረች። ሰማንያ ካለፋት በኋላ እንኳ ሽንኩርቷን ራሷ መርጣ ነበር የምትገዛው። ዓይኑ የቀላ ሾፌር ከገባ ቁልፉን ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ ትከተዋለች፤ ካልተኛ አትመልስለትም።

አደምም አንድ ቀን ከጅቡቲ ሲመለስ ቁልፉን ወስዳ አግዳሚ ላይ አስተኝታዋለች። «ሰደብኳት» አለኝ። «‹ተኝተህ ስትነሳ ትሰድበኛለህ› አለችኝ። ስነሳ ስድቡ ጠፋብኝ።»

ከዚያ በመስታወቱ አየኝና፣ «አንቺ ግን በማን ወጣሽ? ከአዋሽ ጀምሮ ሦስት ቃል አልተናገርሽም» አለ።

ለቁርስ ወረድን። ፉሉ ትኩስ ነው፤ ዳቦው ግን የትናንት። ከእኛው ሚኒባስ ወርደው ከጎኔ የተቀመጡት የአፋር አዛውንት ከየት እንደመጣሁ፣ አዋሽ ዝናብ መጣል አለመጣሉን፣ ምን እንዳየሁና ምን እንደሰማሁ ጠየቁኝ። ይህ ዳጉ ነው፤ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይነጋገሩ አይለያዩም። እኔ አቀርቅሬ «ሁሉ ሰላም ነው» አልኩ።

አደም ሰምቶኝ ኖሮ ወደ መኪናው ስንመለስ ቀስ ብሎ ወቀሰኝ። ዳጉ ተጠይቆ ሞት አይደበቅም አለኝ። እስከ ጆሮዬ አፈርኩ። ግን አዛውንቱ እጅ ላይ ስልክ አለ፤ ብነግራቸው ወሬው ቀድሞኝ ሰመራ ይገባል።

ከቀኑ 6:30፣ ሚሌ

ብዙ ኪሎ ሜትር ካሰብኩበት በኋላ የአያቴን ማረፍ ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። «ኢና ሊላሂ» አሉ። እማ ሞሚናንም ልጃቸውንም ያውቃሉ።

«አባቴ፣ እኔ ራሴ እንድነግራቸው አደራ አለብኝ» አልኩ።

ስልካቸውን አዩት፤ ኪሳቸው ከተቱት። «እኔ ወሬ አላሳድርም። እስከ መግሪብ ግን ስልኬ ባትሪ የለውም።»

ሚሌ ሲወርዱ ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ይጮህ ነበር።

ከቀኑ 8:15፣ ሰመራ

ሎጊያን አልፈን ገባን። ከሚኒባሱ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቴን መታኝ። ባጃጁ ጥላ የሌለው ሰፊ መንገድ አቋርጦ አንድ የቆርቆሮ በር ላይ አደረሰኝ።

እማ ሞሚና ረጅምና ቀጭን ናቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ጉንጬን ይዘው ትንሽ አዩኝ፤ ሰሌን ላይ አስቀምጠው ውሃ ሰጡኝ። ከዚያ በወጉ ጠየቁኝ፤ መንገዱን፣ የገዋኔን ሣር፣ የወንዙን ውሃ፣ በመጨረሻም ቤቱን። ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉና፣ «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉኝ።

በየትኛው ሶላት ሰዓት እንዳረፈች፣ አስከሬኗን ማን እንዳጠበ፣ ስንት ሾፌር መኪናውን አቁሞ ለቀብር እንደወረደ ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለስን፤ ወደ ባቡሩ፣ ወደ ወባው፣ እኔን ዩኒቨርሲቲ ወዳስተማረው የሩዝ ድስት። የአስር አዛን እስኪል አወራሁ። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

ለሶላት ስታጠብ ምራታቸው ውሃ እያፈሰሰችልኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኛ እኮ ገና በሳምንቱ ከአንድ ሾፌር ሰምተናል። እሷ ግን ‹ከቤቷ ሰው ሳይመጣ አልሰማሁም› ብላ፣ የሰደቃውን ፍየል እንኳ አላሳርድም አለች።»

ተመልሼ እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ። «ዘገየሁብዎ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«መጥተሽ የለ» አሉኝ።

ልጃቸው ከሥራ ሲገባ ተነስተው ቆሙ። «ዘሀራ አርፋለች» አሉት፣ እንደ አዲስ። «ፍየሏን አምጣ፤ ለጎረቤትም ንገር። ከቤቷ ሰው መጥቶ ነግሮኛል።»

ያኔ አለቀሱ።